አንድ፣ ሁለት፣ አንሶላ

ኬብሉ ከተቆረጠ ይኸው ሦስተኛ ወሩ፣
ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ቀይ ነው ቁጥሩ።
ሽመክት «እንክፈል» ይላል፤ እኔም «እንክፈል» እላለሁ፣
እሱ ኪሱን ይዳብሳል፣ እኔ ጣራ ጣራ አያለሁ።

ቶሪኖ ነን፤ አራተኛ ፎቅ፤ ግቢው ጠባብ እንደ ጉድጓድ፣
በረንዳው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ትንፋሽ ከትንፋሽ ሲዋሃድ።
ማዶ ሲኞራ ኤርሚኒያ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣
እንቅልፍ ከባሏ ጋር አብሮ የወጣ ነው ከቤቷ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን መጋረጃዋን ትገልጣለች፣
ያን ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ትከፍታለች።
ተከታታይ ድራማ አይደል፣ የቅዳሴ ሥርጭት አይደል፣
ሬስሊንግ ነው የምታየው! ሰው በሰው ላይ ሲደለደል።
እዚያ ባሕር ማዶ ገና ማታ ነው፣ አዳራሹ ሙሉ፣
እዚህ ውሾቹም ተኝተው፣ ትራሞቹም ዝም ብለው ሳሉ።

እኛ በኩሽናችን መስኮት፣ መብራት አጥፍተን፣
አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን፣
ሳንከፍል እናያለን።

ድምፅ የለም። የታጋዮቹንም ስም አንሰማም፤
ራሳችን ስም አወጣን፤ ስም ማውጣት አያስከፍልም።
ጢማሙ «ጋሽ ግንቡ» ነው፤ ባለ ወርቃማ ቁምጣው «ሾላ»፣
ዳኛው፣ ያ ቀጭኑ፣ «ተላላ»፤
ጀርባውን ሰጥቶ ሲያወራ ወንበር ያርፋል ከኋላ።

ሽመክት አስተላላፊ ነው፤ በሹክሹክታ ይጮሃል፣
እንደ ድሮ የሬዲዮ ኳስ ትንፋሹ ይቆራረጣል፦
«ግንቡ ገመዱን ያዘ! ግንቡ ቆመ! ኧረ ግንቡ ተናደ!»
ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣራ ተመታ፤ ድምፁ በረደ።

አንዴ «ውሸት እኮ ነው» አልኩት፤ «ተነጋግረው ነው የሚወድቁ።»
ዞር ብሎ አየኝ።
«ገበያ ሳጥን ስትሸከም፣ ወገብህን ሲቆርጥህ፣
አለቃው ሲያይህ ፈገግ የምትለው፣ እሱስ ምንድነው?
ወለሉ እንጨት ነው ወንድሜ፣ አያቅፍም፤ እውነት ነው መውደቁ፣
ማን እንደሚያሸንፍ ነው እንጂ አስቀድመው የሚያውቁ።»

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ለቀበቶው ነበር ግጥሚያው፣
የሳምንት ሳህን ማጠብ ነው ለተሸነፈ ዕዳው፤
እሱ ሾላን ይዞ፣ እኔ ግንቡን።
ችግሩ የጎረቤታችን፣ የዚያች የሩማንያዊቷ፣
ማታ ነው ልብስ የምታሰጣ፤ ሞልቶ ነበር ገመዷ፤
ሁለት ሱሪ፣ አምስት ካልሲ፣ አንድ የሰፋ ነጭ አንሶላ፣
ተሰብስቦ ጥግ የያዘ፣ ማንም ላይ የማያጠላ።

ግንቡ ሾላን አነሳው። ከራሱ በላይ። ያዘው። ቆየ።
ሲኞራ ወንበሯ ጫፍ ላይ ሆነች፤ ትንሽዬ ቡጢዋ ታየ።
ጣለው።
ተላላ በሆዱ ተዘረጋ፤ መዳፉ ወለሉን መታ፤
ሽመክት ክንዴን ጨመደደኝ፤ ደግሞ መታ፤
በዚያች ቅጽበት ከወንዙ ወገን ነፋስ ተነሳ፣
ያ ነጭ አንሶላ ሆዱን ነፍቶ፣ እንደ ሦስተኛ ታጋይ፣
ገመዱ ላይ ወጣ።

አንድ፣
ሁለት፣
አንሶላ።

ሲወርድ፣ ማዶ ያለው መስኮት ጠቁሯል፣
ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ መጋረጃው ወርዷል።
ሽመክት «ትከሻውን አንስቷል! ሾላ ተርፏል!» ይላል፣
እኔም ባላየሁት ሦስት እምላለሁ፤ አፌ ደርቋል።

ጠዋት ደረጃ ላይ ደረስንባት፤ ባሮ ሽንኩርት በዘንቢሏ፣
ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ወጣ ቃሏ፦
«እናንተ የመስኮቱ ልጆች! ማን አሸነፈ ሌሊት?»
እንደ ሌባ ደነገጥን። ለካ ስታውቅ ኖራለች፣ ያን ሁሉ ሌሊት።
«ድምፁን እዘጋዋለሁ» አለች፣ «ጎረቤት እንዳይነቃብኝ፤
ሁለት ሲደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ አጠፋዋለሁ፤
ሦስትን ባሌ ነበር የሚያይልኝ።»

«ግንቡ!» አልኩ እኔ፤ «ሾላ!» አለ እሱ፤ እኩል፣ ባማርኛ።
አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች፣ እንደ ዳኛ።
«ማን?» አለች።

ሳህኑ እስካሁን አልታጠበም፤ ገንዳው ሞልቶ ይጠብቃል።
ገበያ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽመክት የብርቱካን ሳጥን ያነሳል፣
ከራሱ በላይ፤ ያዝ ያደርገዋል፤ ጥቂት ይቆያል፤
አለቃው «ፈጠን!» ይላል፤
ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል።
እኔ እቆጥራለሁ።
እስከ ሁለት።